በሌለንበት የሚመሰክርልን ወረቀት

በደብረ ወርቅ የሰው እምነት በጎረቤት አፍ ይታወቅ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ የተቀመጠ መዝገብም ስለ ተበዳሪው የሚናገረው አለው። ምን ይላል? ማን ጻፈው? ሲሳሳትስ እንዴት ይታረማል?

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ደብረ ወርቅ ያልፋል። መንገደኛው ከተማዋን የሚያውቃት በጥንታዊቷ ደብረ ወርቅ ማርያም ነው፤ ነጋዴው ደግሞ በእህሏ። በዙሪያዋ የሚታጨደው ጤፍና ስንዴ በጭነት መኪና የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል።

እህሉና ገንዘቡ ግን እኩል አይደርሱም። ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚፈልገው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ምርቱ ጎተራ የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው። ነጋዴው በበጋው ወራት ባንድ ጊዜ ይገዛል፤ ገንዘቡ የሚመለስለት ግን እየተሸራረፈ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ብድር ነው። ባለሱቁ ዘይትና ስኳሩን በደብተር እየጻፈ ይሰጣል። እቁብተኛው ዋስ ጠርቶ ዕጣውን ይወስዳል። ሌላ መውጫ ያጣ ሰው አራጣ አበዳሪ ደጅ ይቆማል። ወረቀቱ የተሟላለት ባንክ ቤት ይገባል።

መልኩ ይለያይ እንጂ የአበዳሪው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሰው ይከፍላል ወይ? የብድር መረጃ ሪፖርት የሚባለው ሰነድ ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ምስክሩ የሚናገረው ግን ባለጉዳዩ በሌለበት ነው። ተበዳሪው ማመልከቻውን አስገብቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ስለ እርሱ የተጻፈው በባንክ ባለሙያ ፊት ይነበባል። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ መኖሩን ሰምቷል፤ ምን እንደተጻፈበት ግን አይቶ አያውቅም። ብዙዎችም የዕዳ ከፋዮችን ስም ትቶ የዕዳ አስቀሪዎችን ብቻ የሚይዝ ጥቁር መዝገብ ይመስላቸዋል። አይደለም።

### ኮሚቴው የሚያውቀው

በገጠር ጎጃም የተደራጀ ብድር ሲጀመር እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ሥር ሥራውን ጀምሮ በ1997 ፈቃድ ሲያገኝ ደንበኞቹ የሚያስይዙት ቤት፣ የሚያሳዩት የደመወዝ ማስረጃ የሌላቸው አርሶ አደሮች ነበሩ። ስለዚህ ሰውን በሰው አስያዘ። የሚተዋወቁ ጥቂት ጎረቤታሞች በቡድን ይደራጃሉ፤ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፤ አንዱ ቢያጎድል ቡድኑ ይጠየቃል። የባንግላዲሹ ግራሚን ባንክ በዓለም ያስተዋወቀው መንገድ ነው።

ከቡድኑ በላይ የቀበሌ የብድርና ቁጠባ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው ፋይል ማገላበጥ አያስፈልገውም። ባለፈው ዓመት የማዳበሪያ ዕዳውን ማን በጊዜው እንደከፈለ፣ ማን ለበሬ መግዣ የተበደረውን ለድግስ እንዳዋለ፣ የማን ማሳ በበረዶ እንደተመታ ያውቃል። በተለይ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ኮሚቴው ሰው ያጎደለውን ብቻ ሳይሆን ያጎደለበትንም ምክንያት ስለሚያውቅ በስንፍና ያልከፈለውን በመከራ ካልከፈለው ይለያል።

ይህ ዕውቀት ጉድለትም ነበረው። ከኮሚቴው አባል ጋር በድንበር የተጣላ ሰው፣ ከሌላ ቀበሌ የመጣ አዲስ ነዋሪ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ በድህነቱ ምክንያት ቡድን የማያስገባው ጎረቤት ከደጅ ይቀር ነበር። መልካም ስምም ቢሆን ከወንዝ ማዶ አይሻገርም። ደብረ ወርቅ ላይ ለዓመታት ሳያጓድል የከፈለ ሰው ደብረ ማርቆስ ሲሄድ እንደማንኛውም እንግዳ ከዜሮ ይጀምራል። የጽሑፍ መዝገብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የዝምድናንና የቂምን ጫና ይቀንሳል፤ የሰውየውን ታማኝነትም ወደሄደበት ሁሉ ያደርስለታል።

> ኮሚቴው ሰው ያጎደለውን ብቻ ሳይሆን ያጎደለበትንም ምክንያት ያውቅ ነበር።

አብቁተ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል። ትናንት በጎረቤቶቹ ቃል ይበደር የነበረ አርሶ አደር ዛሬ የባንክ ደንበኛ ነው። ስለ እርሱ የሚነገረውም በቀበሌው ተወስኖ አይቀርም።

### ከቅርንጫፍ እስከ ብሔራዊ ባንክ

በአሜሪካና በብዙ አገሮች የብድር መረጃ የሚሰበስቡት የግል ኩባንያዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ሥራውን የያዘው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ የብድር መረጃ ማዕከል አቋቋመ፤ በ2012 እና በ2019 በወጡ መመሪያዎች ደግሞ አሠራሩን አሰፋው። መጀመሪያ የባንኮች ብቻ የነበረው መዝገብ ኋላ ማይክሮ ፋይናንሶችንም እንዲያቅፍ ተደረገ።

መዝገቡ እንዴት እንደሚሞላ ለመረዳት አንዲት የጤፍ ነጋዴ ደብረ ወርቅ ካለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ የሥራ ማስኬጃ ብድር ጠየቀች እንበል። የንግድ ፈቃዷን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯን፣ መታወቂያዋን፣ የምታስይዘውን ንብረት ማስረጃ ታቀርባለች። የብድር ባለሙያው ሱቋን ያያል፤ የሒሳቧን እንቅስቃሴ ይመረምራል። ከዚያ ባንኩ ብሔራዊ ባንክ ካለው መዝገብ የእርሷን ሪፖርት ይጠይቃል። ባንኮች ከማበደራቸው በፊት ይህን የማየት ግዴታ አለባቸው። ሪፖርቱ ሌላ ቦታ ዕዳ እንዳለባት፣ ያለፈውን እንዴት እንደከፈለች ያሳያል። ሁሉም ተሟልቶ ጉዳዩ ለብድር ኮሚቴ ቀርቦ ሲፈቀድ፣ ይህ አዲሱ ብድር ራሱ መዝገቡ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የምትከፍለውም የምታዘገየውም ከባንኳ ወደ መዝገቡ ይተላለፋል።

ስለዚህ መዝገቡን የሚጽፈው አዲስ አበባ ያለ ባለሥልጣን አይደለም፤ ያበደረው ተቋም ነው። ብሔራዊ ባንክ የተላከለትን ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ ሌላው አበዳሪ ሲጠይቅ ያሳያል። ቅርንጫፍ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ከገባ ስህተቱ ከዚያ ተነስቶ በየባንኩ ይነበባል።

ስህተት የሚገባበት አንዱ በር ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በአንድ ወረዳ ውስጥ ሦስቱም ስሞች የሚገጥሙላቸው ሰዎች አይጠፉም። ኃይሌ የሚለውን አንዱ በብዙኃኑ ኀ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል፤ በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ እንደ ጸሐፊው ነው። ለዚህ ነው መዝገቡ ሰዎችን ለመለየት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን ሲጠቀም የቆየው። ነገር ግን ይህ ቁጥር የነጋዴና የደመወዝተኛ ነው፤ አብዛኛው ገበሬ የለውም። በ2015 ዓ.ም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጥቶ ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ሲስፋፋ ይህን ክፍተት የሚሞላ መለያ ተገኘ። በጣት አሻራና በዓይን አሻራ የተያዘ አንድ ቁጥር ገበሬውንም ከነጋዴው እኩል በራሱ ማንነት እንዲታወቅ ያስችለዋል።

### ወረቀቱ ላይ ያለውና የሌለው

ሪፖርቱ በመሠረቱ የብድር ዝርዝር ነው። ማን አበደረ፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ ስንት ቀረ፣ አከፋፈሉ እንዴት ነው የሚለውን ይዟል። በደንብ የተከፈለውም ያልተከፈለውም እኩል ይጻፋል። መልካሙን ጎን ሰው አያስተውለውም እንጂ፣ ብድሩን በጊዜው ጨርሶ የከፈለ ሰው ያንኑ መዝገብ ለቀጣዩ ብድር ስንቅ ያደርገዋል።

አከፋፈሉ የሚመዘነው በቀን ነው። በባንኮች የአጭርና የመካከለኛ ጊዜ ብድር ክፍያው ከ30 ቀን ያላለፈ ከሆነ ብድሩ ጤናማ ይባላል። ከ30 እስከ 90 ቀን ከዘገየ ልዩ ትኩረት የሚሻ ይሆናል። 90 ቀን ሲሞላው የተበላሸ ብድር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ 180 ቀን ከደረጃ በታች፣ እስከ 360 ቀን አጠራጣሪ፣ ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ እንደማይመለስ ይቆጠራል። ለተበዳሪው ትልቁ ድንበር ዘጠና ቀን ነው። እዚያ ያለፈ ሰው ሌላ ባንክ ሲሄድ ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ አያልፍም።

ወረቀቱ ላይ የማይገኘው ደግሞ ብዙ ነው። ለዓመታት ሳታጓድል እቁቧን የጣለች እናት ታማኝነቷ አይጻፍላትም። የባለሱቁ ደብተር፣ የእድር መዋጮ፣ በየመኸሩ በጊዜው ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ የተመለሰ ገንዘብ በዚህ መዝገብ ቦታ የላቸውም። ከባንክ ወይም ከማይክሮ ፋይናንስ ተበድሮ የማያውቅ ሰው ሪፖርቱ ባዶ ነው። ባዶ ወረቀት ደግሞ ክፉ ባይናገርም ለአበዳሪ የሚያረጋግጥለት ነገር የለም። በቀበሌው ታማኝ የተባለ ሰው በባንክ ቤት የማይታወቅ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ነው።

የባንክ ባለሙያዎች በዚህ ላይ የሚሉት አላቸው። ለእነርሱ የሚበደረው ገንዘብ የሌላ ሰው ቁጠባ ነው፤ ያላዩትን ታሪክ ማመን አይችሉም። ወጣት ነጋዴዎች በበኩላቸው ታሪክ የሚገኘው በመበደር፣ ብድር የሚገኘው በታሪክ ከሆነ መግቢያው በር የት ነው ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። መፍትሔው መዝገቡ የሚያነበውን ማስፋት ነው።

የተጀመሩ መንገዶች አሉ። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከቤትና ከሕንጻ ሌላ ከብት፣ ሰብል፣ መሣሪያና የመሳሰለው በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ተመዝግቦ መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። በአማራ ክልልም በ2009 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል። ንብረት ማስያዝ ግን ያለው ሰው ነገር ነው። መሬት ያልደረሰው ወጣትና የኪራይ ቤት ነጋዴ የሚያስይዙት ከሁሉ በፊት ታማኝነታቸውን ነው።

### ዋስ የገባ ሰው

ስለ ብድር ሲወራ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው በራሱ ዕዳ ብቻ አይደለም፤ በሰው ዕዳም ነው። በአገራችን ዘመድና የሥራ ባልደረባ ዋስ ሁነኝ ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። ፊርማው በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ ግዴታው ግን ዓመታት ይቆያል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እዚህ ላይ ለዋሱ መከላከያ አስቀምጧል። በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግምት አይኖርም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተጻፈም ዋስትናው አይጸናም። በተቃራኒው ከባለዕዳው ጋር በአንድነትና በነጠላ ለመክፈል የፈረመ ዋስ በአንቀጽ 1933 መሠረት ባለዕዳው ሳይጠየቅ አስቀድሞ እርሱ ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ የሚፈርም ሰው ከመፈርሙ በፊት ሁለት ነገር ያንብብ፤ የገንዘቡን ልክ፣ የዋስትናውንም ዓይነት።

### መንገድ ሲዘጋ

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የብድርን ነገር ጭምር አናግቷል። የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገድ ሲዘጋ እህል አይወጣም፤ እህል ካልወጣ ገንዘብ አይገባም። ቅርንጫፍ ሲዘጋ ደግሞ ገንዘቡን በእጁ የያዘ ሰው እንኳ የሚከፍልበት መስኮት ያጣል።

መዝገቡ ግን ቀኑን ይቆጥራል። 30 ይሆናል፤ 90 ይሆናል። ዕዳውን ሸሽቶ የዘገየና መንገድ ተዘግቶበት የዘገየ ሰው ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ይወጣሉ። የቀበሌው ኮሚቴ ቢሆን ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸው ነበር። የሩቁ ባለሙያ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው።

> መዝገቡ የዘገየውን ቀን ይቆጥራል፤ የዘገየበትን ምክንያት አይጠይቅም።

ተበዳሪውም ቢሆን ዝም ማለት የለበትም። መክፈል የማይችልበት ችግር ሲገጥመው ቀኑ ሳያልፍ ባንኩን በጽሑፍ ማሳወቅና የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም መጠየቅ ይችላል። ባንክ የብድሩን የመክፈያ ውል እንደገና የማዋቀር አሠራር አለው። ይህን ቀድሞ የጠየቀ ሰው ዘጠና ቀን ካለፈ በኋላ ከሚለምን ሰው ይልቅ ይደመጣል። የችግሩን ክብደት ግን ሁሉ በተበዳሪው ጫንቃ መጣል ፍትሕ አይሆንም። የአንድ አካባቢ ሕዝብ በሙሉ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ሲስተጓጎል መዝገቡ ይህን የሚጽፍበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

### ስልክ ሲያበድር

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም ጀመረ። በ2014 መገባደጃ ላይ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ የተባለውን አነስተኛ ብድር፣ እንደኪሴ የተባለውን ሒሳብ ሲያጥር የሚሞላ አገልግሎት፣ ሳንዱቅ ከተባለው ቁጠባ ጋር አስተዋወቀ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ምቹ በተባለው አገልግሎቱ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ያለ መያዣ ያበድራል።

እንዲህ ያለ ብድር ቤትም ዋስም አይጠይቅም። የሚመዝነው ሰውየው በስልኩ የሚያደርገውን ነው፤ ገንዘብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚልክና እንደሚቀበል፣ አገልግሎቱን እንዴት እንደሚጠቀም፣ የቀደመውን ብድር መቼ እንደመለሰ። ለባንክ ቤት ባዶ ወረቀት የነበረ ሰው በስልኩ ታሪክ ያገኛል። ይህ እውነተኛ ተስፋ ነው። ሆኖም ስልኩን የሚይዘው በአብዛኛው ባል በሆነበት ቤት የሚስት ታሪክ አይጻፍም፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የማንም አይጻፍም። መመዘኛው በኮምፒዩተር ስለሚሠራም የተከለከለ ሰው ለምን እንደተከለከለ የሚነግረው አያገኝም።

ከጎረቤት የምንማረው አለ። በኬንያ የስልክ ብድር ከተስፋፋ በኋላ እጅግ ብዙ ሰው በጥቃቅን ዕዳ ምክንያት በመጥፎ ተበዳሪነት ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ከ1,000 ሽልንግ በታች የሆነ ዕዳ በዚህ መልክ እንዳይመዘገብ አገደ። በጥቂት ገንዘብ የሰውን የዓመታት ዕድል መዝጋት ልክ እንዳልሆነ የተረዱት ብዙ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። እኛ ገና ስንጀምር ልናስብበት እንችላለን።

### ከባሕር ማዶ

ወደ አሜሪካ የሄደ ኢትዮጵያዊ ከሚገርሙት ነገሮች አንዱ ክሬዲት ነው። እዚህ ባለሱቅ፣ ባለ ቤት፣ ባለ መልካም ስም የነበረ ሰው እዚያ ሲደርስ ማንም አያውቀውም። ቤት ለመከራየት፣ መኪና ለመግዛት፣ ስልክ በውል ለመውሰድ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ ይጠየቃል። ቀድመው የሄዱት አዲስ መጪውን ሲመክሩት ገንዘብ አስይዞ አነስተኛ የክሬዲት ካርድ እንዲያወጣ፣ በጥቂቱ እየተጠቀመ በየወሩ ቀኑን ሳያሳልፍ እንዲከፍል ይነግሩታል።

እዚያም ሥርዓቱ በአንድ ቀን አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1841 ሉዊስ ታፓን የተባለ ነጋዴ በኒውዮርክ ስለ ነጋዴዎች ታማኝነት መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ከፈተ። መረጃው የሚመጣው በየከተማው ካሉ ወኪሎች ነበር፤ ስለ ሰውየው ጠባይና ስለ መጠጥ ልማዱ ሳይቀር ይጻፍ ነበር። ተመዝጋቢው ግን ምን እንደተጻፈበት አያይም። ሕግ አውጪዎች ለሕዝቡ መዝገቡን የማየትና የማሳረም መብት የሰጡት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በዚያ ሕግ አብዛኛው መጥፎ መረጃ ከሰባት ዓመት በኋላ ከሪፖርቱ ይወጣል። ሰው አንድ ጊዜ ስለ ወደቀ ዕድሜ ልኩን ሲከሰስ እንዳይኖር ነው።

### መዝገብዎን ይጠይቁ

እኛ መቶ ዓመት መጠበቅ አያስፈልገንም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተው እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሕጉ አለ፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሰው ስለ መዝገቡ የሚሰማው ብድር ተከልክሎ ሲመለስ ነው።

ስለዚህ ለአንባቢ የምንለው ይህ ነው። ብድር ያለብዎት ከሆነ የከፈሉበትን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ። ዕዳዎን ሲጨርሱ ከባንኩ ክሊራንስ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ መዝገቡም ላይ ብድሩ መዘጋቱን ያረጋግጡ። ከመበደርዎ በፊት ስለ እርስዎ የተያዘውን መረጃ ለማየት ባንክዎን ይጠይቁ፤ ስህተት ካለ ያስገባውን ቅርንጫፍ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ ይያዙ። ስምዎ በመታወቂያውም በባንኩም አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይኑረው። ቀን ሊያልፍብዎ ሲል ቀድመው ይናገሩ።

ለባንኮችና ለብሔራዊ ባንክም የምንለው አለን። ተበዳሪው ሲከለከል የተከለከለበት ምክንያት በአማርኛ፣ በጽሑፍ ይሰጠው። መዝገቡን ለማየት ከደብረ ወርቅ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግ፤ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ይቻል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ተበዳሪና የእቁብ ከፋይ መልካም ታሪካቸው የሚቆጠርበት መንገድ ይፈለግ። ግጭትና ድርቅ ያስተጓጎለው ክፍያም ከክፉ ልማድ ጋር አንድ ላይ አይደመር። በሌለበት የሚመሰከርለት ሰው ምስክርነቱን የመስማትና መልስ የመስጠት መብቱ በተግባር ሊከበርለት ይገባል።